ቲኪንተር ላይ ፎንት ስትቀይሩ ተጠንቀቁ

በቲኪንተር (ፓይተን ላይ መስኮትና በተን ያለው ፕሮግራም የሚሠራበት ላይብረሪ) ስንሠራ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ በየሌብሉ (ጽሑፍ ማሳያው)፣ በየበተኑ፣ በየኢንትሪው (መጻፊያ ሳጥኑ) ላይ «ኤሪያል፣ 10» እያሉ መጻፍ። ከሌላ ሰው የተረከብኩት አንድ ፕሮግራም እንዲህ ነበር። ዓይኑ የደከመ ተጠቃሚ «ፊደሉ አነሰብኝ» አለ። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። ግን 10 ቁጥር በየፋይሉ ተበትኗል። ግማሹ የፎንት ነው፣ ግማሹ የፓዲንግ (በዙሪያ የሚተው ክፍተት)። ሁሉንም ባንዴ ልተካ ብትሉ መስኮቱ ይዛባል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መልቀም ነው። በጣም ያናድዳል፤ ተጠቃሚው የጠየቀው እኮ ማንበብ እንዲችል ብቻ ነው!

እባካችሁ ከቲኪንተር የፎንት ሞጁል ለርዕስ አንድ፣ ለተራው ጽሑፍ አንድ የፎንት ኦብጀክት ፍጠሩ፤ ዊጄቶቹ (ሌብሉ፣ በተኑ፣ ኢንትሪው) ሁሉ እሱን ይጠቀሙ። ከዚያ በኦብጀክቱ ኮንፊገር ሜተድ ሳይዙን 14 ስታደርጉት፣ ፕሮግራሙ ክፍት እንዳለ ሁሉም አብሮ ያድጋል። ኦብጀክቱን ደግሞ ፈንክሽን ውስጥ ብቻ አታስቀሩት። ፈንክሽኑ ሲያልቅ ፓይተን ያጠፋዋል። በክላሳችሁ ሰልፍ (self) ላይ ያዙት።

ቲኬ (ከቲኪንተር ሥር ሆኖ መስኮቱን የሚስለው) ራሱም ስም የወጣላቸው ፎንቶች አሉት፤ በኔም-ቱ-ፎንት ታገኟቸዋላችሁ። ዲፎልቱን (ቲኬ-ዲፎልት-ፎንትን) ብቻ ቀይራችሁ «ኢንትሪው አልተለወጠም» እንዳትሉ። ኢንትሪ የሚከተለው ቲኬ-ቴክስት-ፎንትን ነው። የሚገርመው፣ ቴክስት የሚባለው ዊጄት የሚከተለው ቲኬ-ፊክስድ-ፎንትን ነው። ሦስቱንም ቀይሩ።

የቲቲኬ (መልካቸው በስታይል የሚወሰን የቲኪንተር ዊጄቶች ስብስብ) በተን ላይ ፎንት አይሰጥም፤ «የማላውቀው ኦፕሽን» ብሎ ይመልሳችኋል። በስታይል ነው የሚቀየረው።

«ታይምስ ኒው ሮማን 12» ብላችሁ በአንድ ስትሪንግ አትጻፉ። ቲኬ ከመጀመሪያው ክፍተት በኋላ ቁጥር ይጠብቃል፤ «ኒው» ሲመጣበት ኤረር ይሰጣል። ቱፕል ተጠቀሙ፤ ስሙንና ሳይዙን በቅንፍ ውስጥ በኮማ ለይታችሁ ጻፉ።

የፎንቱ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ግን ኤረር የለም። ቲኬ ጭጭ ብሎ ሌላ ይተካበታል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ብዙ ይደክማሉ፤ እናንተ ዘንድ ያማረው ሌላው ዘንድ ተበላሽቶ ይወጣል። ለአማርኛ ኒያላን የምትመርጡ በተለይ ልብ በሉ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ በአማራጭነት የሚጫን እንጂ ሁሌ ያለ አይደለም። አክችዋል የሚለውን ሜተድ ጥሩ፤ በትክክል የትኛው ፎንት እንደተሰጣችሁ ይነግራችኋል። ያሉትን ፎንቶች ሁሉ ለማየት ፋሚሊስ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ እሱን ግን ዋናውን መስኮት ሳትፈጥሩ አትጥሩት።

ሳይዙ ፖዘቲቭ ከሆነ በፖይንት፣ ኔጋቲቭ ከሆነ በፒክስል ነው የሚለካው። ሁለቱን አታደባልቁ።