አምስት የቀረጻ ቀን በማስታወቂያ ገንዘብ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የኖርኩት ሰርግና የሱቅ ማስታወቂያ እየቀረጽኩ ነው። ልቤ ግን ዶክመንተሪ ላይ ነበር። ለጀማሪ የምመክረው፣ ማስታወቂያው ከቤት ኪራይ አልፎ የቀረጻ ቀን እንዲገዛላችሁ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ የአንድ ቀን ወጪ አስቀሩ፦ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የማይክ ባትሪ። እኔ አምስት ማስታወቂያ ስጨርስ አምስት ቀን በእጄ ነበረኝ።

ቀብድ ሳትቀበሉ ካሜራ አታንሱ። አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ ካሳረመኝ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ቀድሜ እቀበላለሁ። የቪዲዮውን ርዝመት፣ የማስረክብበትን ቀን፣ እርማቱም ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን በአንድ ገጽ ጽፌ አስፈርማለሁ።

አምስቱን ቀን ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሸማኔ አባት ቤት አዋልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አልያዝኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ ሲሠሩ አየሁ፣ ቡና ጠጣሁ። ልሄድ ስነሳ “ካሜራህስ?” ብለው ራሳቸው ጠየቁኝ። ይህን ቀን አትዝለሉት።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። ቆማችሁ ከቀረጻችሁ ሰውየውን ቁልቁል ታዩታላችሁ። መሬት ተቀመጡና ካሜራውን ከዓይናቸው ትክክል አድርጉት። የቤቱ ፍሎረሰንት ምስሉ ላይ ከተርገበገበ ሹተሩን (የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ከተቻለ ግን መብራቱን አጥፍቶ በሩን መክፈት ይበልጣል። በበር የሚገባ ብርሃን ፊት ላይ ሲያርፍ በጣም ያምራል።

ያስለቀሰኝ ድምፅ ነው። የሄድኩት ነሐሴ ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ ትእዛዝ በበዛበት ሰሞን ነበር። እጃቸው ሲፈጥን ለምስል ግሩም ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ስለ አባታቸው እያወሩኝ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ማይኩ ደረታቸው ላይ ነበር፤ አላዳነኝም። ቤቴ ገብቼ ስሰማው አንድም ዓረፍተ ነገር አይለይም። ያተረፈኝ አምስተኛው ቀን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሄጄ እንደገና ጠየቅኳቸው፤ በደስታ ደገሙልኝ። ክረምት ላይ ንግግር በጠዋት ቅዱ፤ ከሰዓት እጃቸውንና መወርወሪያውን ቅረጹ። ከመውጣታችሁ በፊትም ሁሉም ዝም ብሎ የቤቱን ድምፅ 1 ደቂቃ ቅዱ። ኤዲቲንግ ላይ የተቆራረጠውን ንግግር የሚያያይዝላችሁ እሱ ነው።

ማታ ሳትተኙ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይደር።

ፊልሙ 9 ደቂቃ ሆነ። ለማንም ሳላሳይ ላፕቶፔን ይዤ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ። ሸማውን ለነጋዴ የሚያስረክቡበት ዋጋ እዚያ ላይ ይሰማል። “ይህን ሌላው ነጋዴ ከሰማ ዋጋ ይሰብርብናል” አሉኝ። እኔ ያን ንግግር በጣም ወድጄው ነበር። በዚያው ማታ ቆርጬ አወጣሁት።