የድሮ ዶዘር ቢጫ፦ ቀለም መረጣና ቅልቅል ለባሕር ዳር አየር

«ቢጫ ስጠኝ» ብሎ ሱቅ መግባት ለአጥር በር ይበቃል፤ ለአሮጌ ዶዘር ግን መጀመሪያ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ያስፈልጋል። ዶዘር ሠሪው ካተርፒላር እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሽኖቹን ግራጫ ነበር የሚቀባው። በዚያ ዓመት መጨረሻ «ሃይዌይ የሎ» ወደሚባለው ቢጫ ዞረ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሌላ ቢጫ ተካው። የ1960ዎቹን ዶዘር በአዲሱ ቢጫ ብትቀቡት ያምራል እንጂ የራሱ ቀለም አይሆንም። ዓመቱ ከሴሪያል ቁጥሩ ይገኛል።

ናሙናውን ፀሐይ ካልነካው ቦታ ፈልጉ፦ ከወንበሩ ሥር፣ ከባትሪ ሳጥኑ ጀርባ፣ ከስም ሰሌዳው ሥር። የሃምሳ ሳንቲም ገንዘብ ስፋት ያህል በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትና በውኃ እሹት፤ አመድ የመሰለው ሲነሣ እውነተኛው ቢጫ ይወጣል። ውኃው ለሌላም ነው። የዚያ ዘመን ቢጫና ቀይ አንቲረስት (ከሥር የሚቀባው ዝገት መከላከያ) ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት፤ በደረቁ ግራይንደር ካስነሣችሁት አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ልብስ ላይ ሆኖም ቤት ድረስ ይሄዳል። እጥበቱን ወደ ቦይ አትልቀቁት፤ የከተማው ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ዝቃጩን ላስቲክ ላይ ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ጣሳ አኑሩት።

በናፍታ አጥቦ ወዲያው መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። ናፍታ ግራሶውን ያወርዳል፣ ራሱ ግን ስስ ቅባት ሆኖ ይቀራል፤ ቀለሙ ከላዩ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። በሙቅ ውኃና በኦሞ እጠቡ፤ ሲደርቅ ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረጉና ቲነሩ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ተከተሉት። የድሮው ቀለም የሚቀር ከሆነ ናይትሮ (ጠንካራው) ቲነር ያለው ጥጥ ለአንድ ደቂቃ ያዙበት። ከተሸበሸበ ጠንካራ ቲነር የሚፈልግ ቀለም አይችልም፤ ወይ ሲንቴቲክ (ሃርድነር የማይገባበት ተራ የዘይት ቀለም) ቀቡበት፣ ወይ እስከ ብረቱ አንሡት።

ቅልቅሉን በ100 ግራም ቢጫ ጀምሩ፣ በዲጂታል ሚዛን። ቢጫው በጣም ሲደምቅ የብዙ ሰው እጅ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ ጥቁር ግን ቢጫን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ የጎመን ውኃ ያስመስለዋል። ድምቀቱን የሚያበርደው ቀይ ኦክሳይድ (የዝገት መልክ ያለው ቀይ) ነው፦ ግማሽ ግራም ጨምሩ፣ እስከ ታች አማስሉ፣ እዩት፣ እንደገና ግማሽ። ሎሚ ሎሚ ካለ ጥቂት ብርቱካናማ ያሞቀዋል። ሁሉም ሲንቴቲክ ይሁን፤ ዓይነት አትደባልቁ። ጭማሪውን ጻፉ፤ በ100 ግራም 1.5 ግራም ቀይ ከገባ፣ በ10 ኪሎ 150 ግራም ይገባል ማለት ነው። ማማሰያው ላይ ያለውን እርጥብ ቀለም አትመኑ፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። አንቲረስት በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ሁለት እጅ ቀብታችሁ አሳድሩትና ከቀኑ 4 ሰዓት ገደማ ከማሽኑ ናሙና ጋር አጠጋግታችሁ መጀመሪያ በጥላ፣ ከዚያ በፀሐይ እዩት። በአምፖል ሥር መንታ መስለው ፀሐይ ላይ የሚለያዩ ቢጫዎች አሉ።

ለ50 ካሬ ሜትር ሁለት እጅ፣ ሊትሩ 10 ካሬ ቢሸፍን 10 ሊትር ይሆናል፤ በስፕሬይ ለሚበነው 40 በመቶ ስትጨምሩበት 14 ሊትር። ጋሎኖቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ አዋሕዱ፤ አለበለዚያ ኮፈኑ መሐል ላይ የጋሎን ድንበር ይታያል።

ለስፕሬይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቲነር ጀምሩ፤ በ4 ቁጥር ፎርድ ካፕ (ሥሩ ቀዳዳ ያለው የቅጥነት መለኪያ ኩባያ) ከ20 እስከ 25 ሰከንድ መውረድ አለበት። ቤንዚን ብርቀቱን ይገድላል፣ ከኮምፕሬሰሩ ብልጭታ ጋርም እሳት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ትንሽ ኮምፕሬሰር የተጻፈላትን አትሰጥም። ግፊቱ ሲወርድ ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ያኔ ቲነር አትጨምሩ፤ ቆም ብላችሁ ታንከሩ እስኪሞላ ጠብቁ።

ሐምሌና ነሐሴን ተዉአቸው። በጥቅምትም ቢሆን ትልቁ ብረት ቀዝቅዞ ያድራል፣ አየሩ ሲሞቅ እሱ ይዘገያል። አየሩ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚይዘው 18 ዲግሪ ላይ ነው፤ ብረቱ ቢያንስ 21 ይድረስ። ቴርሞሜትር ከሌለ እርጥብ ጨርቅ ብሌዱ ላይ ሳቡበት፤ መስመሩ በሩብ ሰዓት ካልደረቀ ቆዩ። ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነሣል፤ ጀልባ ነጂዎችም በጠዋት መሻገር የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ማታ በመብራት መቀባትማ የጣናን ትንኝ ሁሉ ቢጫው ላይ መለጠፍ ነው።

ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው የመኪና ቀለም ብርቀቱ ይቆያል፤ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ግን ሳንባን ይጎዳል፣ የአቧራ ማስክም አያቆመውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ከሌለ ሲንቴቲክ ይበቃል።

ሁለተኛውን እጅ ጣሳው በሚለው ሰዓት ውስጥ ቀቡ። ካለፈ የታችኛው በግማሽ ደርቆ ይጠብቅና በአዲሱ ቲነር አብጦ ይሸበሸባል። ከተሸበሸበ ሦስተኛ እጅ አትደርቡ፤ ጥፍር ምልክት እስከማይተውበት ድረስ አንድ ሳምንት ያህል ተዉት፣ በ320 ወረቀትና በውኃ አስተካክሉና ያን ቦታ ብቻ መልሳችሁ ቀቡ።