ዴዝ ሜታልን እንዴት እንስማው? ከአንድ የድሮ ካሴት ቀጂ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዛሬ የምሸጠው የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ኢርፎን ነው። ድሮ ግን ካሴት ቤት ነበረች። ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሁሉ ያዘዘውን እየቀዳሁ ነው ያደግሁት። በቀደም አንድ ተማሪ ኢርፎን ሊገዛ መጣና፣ "ጋሼ፣ ዴዝ ሜታል የሚባለውን ሞከርኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም። ምኑ ነው የሚሰማው?" አለኝ። ዴዝ ሜታል ከሮክ የወጣ፣ ጊታሩ ወፍራም፣ ከበሮው ፈጣን፣ ድምፃዊው የሚያገሳ ሙዚቃ ነው። በርጩማ ሰጠሁት። ለእሱ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። በ1988 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አንድ የሰፈር ልጅ ከውጭ የመጣ የ90 ደቂቃ ካሴት አዋሰኝ። በእጅ ጽሑፍ በአንዱ ገጽ "ኢንቱምድ"፣ በሌላው "ኦቢቹዌሪ" ይላል፤ የሁለት ባንዶች ስም ነው። ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። ወዲያው አወጣሁት። ክሩ የተበላ መሰለኝ። የቴፑን ሄድ በአልኮል ጠረግሁ፣ ካሴቱን በእስክሪብቶ አጠነጠንኩ፣ መልሼ ከተትኩ። ያው ነው። የጎረቤት ቴፕ ተውሼ ሞከርኩ። ያው ነው። ለካ ምንም አልተበላም። ዘፈኑ ራሱ እንደዚያ ነው።

ከሳምንት በኋላ ነው ጥፋቴ የገባኝ። እኛ ዘፈን ስንሰማ ግጥሙን ነው የምናሳድደው። ሰሙ ምን አለ፣ ወርቁስ ማንን ነካ እንላለን። ዜማውና ከበሮው ግጥሙን ተሸክሞ የመጣ አህያ ነው። ዴዝ ሜታልን እንደዚያ ከሰማችሁት አለቀላችሁ፤ የምትሰሙት ሰው ሲያገሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይኼ ነው፦ ድምፃዊውን መጨረሻ ላይ ስሙት። መጀመሪያ ከበሮውን፣ ቀጥሎ ጊታሩን፣ ሰውየውን በሦስተኛው ዙር።

ከዚያ በፊት ግን ባሱን ቀንሱ። እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ጂፓሱን ገዝቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ባሱን ጥግ ድረስ መክፈት ነው። ለጭፈራ ይሆናል። ለዚህ ሙዚቃ ግን መርዝ ነው። ጊታሩ ራሱ ወፍራም፣ የእግሩ ከበሮም ፈጣን ስለሆነ፣ ባስ ሲጨመርበት ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል። በኢርፎን ይሻላል። ባጃጁ ሳይነሳ በማለዳ ከሆነማ በጣም ጥሩ።

መንገዱን ከመጀመሪያው ጀምሩት። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም። ቶኒ አዮሚ የሚባል ልጅ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ደግሞ ገመድ የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። ለጣቱ ቆብ ሠርቶ መጫወቱን ቀጠለ። በኋላም ገመዶቹን አላላቸው። የላላ ገመድ ለጣት ይቀላል፤ ድምፁም ይወፍራል። የእሱ ባንድ ብላክ ሳባት ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እንደዚያው ነው) በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ጊታሩ የሚጀምረው በሦስት ድምፆች ነው። በእነዚያ ውስጥ በስድስት ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች አሉ። ጆሮን ያስጨንቃሉ። ፈረንጆቹ ትራይቶን ይሉታል፤ የዴዝ ሜታል እንጀራ እሱ ነው። ለእኛ ግን ባዕድ አይደለም። አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ አራተኛው ያለው ርቀት ልክ ይኸው ነው። ክራር የሚመታ ጓደኛ ካላችሁ ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ ይምታላችሁ። ትስቃላችሁ።

ቀጥሎ ስሌየር የሚባለውን ባንድ አልበም፣ "ሬይን ኢን ብለድ"ን ስሙ። 1986 ነው የወጣው። ገና ዴዝ ሜታል አይደለም፤ ግን በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። 29 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አጭር ከመሆኑ የተነሳ ካሴቱ ሲታተም አልበሙ በሁለቱም ገጽ ሙሉውን ይገኝ ነበር። አንዱ ሲያልቅ ትገለብጣለህ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ለካሴት ቀጂ ከዚህ በላይ ደስ የሚል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ስሙን ያመጡት ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሆኑ ፖዜስድ የሚባሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በ1984 የሙከራ ካሴት ቀዱና "ዴዝ ሜታል" አሉት። በ1985 "ሰቨን ቸርችስ" የተባለው አልበማቸው ወጣ። አርእስቱ በዮሐንስ ራእይ ላይ ያሉትን ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት የሚያስታውስ ነው። ድምፃዊው ጄፍ ቤሴራ ሲዘፍን መጮህና ማጉረምረም መሃል ላይ ነው። ይህን አልበም ሙሉውን መስማት የለባችሁም። ሁለት ሦስት ዘፈን ይበቃል።

በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ሌላ ጥግ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ቸክ ሹልዲነር የሚባል ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞቶበት፣ ኀዘኑን እንዲረሳ ወላጆቹ ጊታር ገዙለት። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1983 ማንታስ የሚባል ባንድ አቋቋመ፤ ስሙን በኋላ "ዴዝ" ብሎ ለወጠው። በ1987 "ስክሪም ብለዲ ጎር" ወጣ። በዚያ አልበም ላይ ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ድምፁም የእሱ ነው፤ ከበሮው ብቻ የክሪስ ራይፈርት። ማን ቀደመ፣ ፖዜስድ ወይስ ዴዝ? አድናቂዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ስሙን ለፖዜስድ፣ መንገዱን ለዴዝ ሰጥቼ ተገላግያለሁ።

እነዚህ ልጆች እንዴት ተዋወቁ? እዚህ ላይ ነው የእኔ ሙያ የሚገባው። ኢንተርኔት የለም። ሬዲዮ አይነካቸውም። ካሴት ቀድተው በፖስታ ይላላኩ ነበር። ከፍሎሪዳ ወደ ስቶክሆልም፣ ከበርሚንግሃም ወደ ብራዚል ቤሎ ኦሪዞንቴ። አንዱ ለአምስት ይልካል፣ አምስቱ ለሌላ አምስት። ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ ሽሽታው እየጨመረ፣ ድምፁ እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኛም አገር ያኔ ሸክላው ቀርቶ ዘመኑ የካሴት ነበር። አንድ ልዩነት አለ። እኛ ለገንዘብ እንቀዳ ነበር፤ እነሱ ለቴምብር ከኪሳቸው ያወጡ ነበር።

ያን ድፍርስ ያጠራው ታምፓ ከተማ ያለው ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ነው። ስኮት በርንስ የሚባል ባለሙያ እዚያ ቁጭ ብሎ ዴዝ፣ ኦቢቹዌሪ፣ ዲሳይድ፣ ካኒባል ኮርፕስ የሚባሉትን ባንዶች ቀዳ። (በኋላ ሙዚቃውን ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሥራ ገባ። እኔም ወደ ስልክ ሽፋን ገባሁ፣ ምን ይደረግ።) ሞርቢድ ኤንጅል የሚባሉትም በ1989 የወጣውን "ኦልታርስ ኦፍ ማድነስ" የቀዱት እዚያው ነው። የመጀመሪያውን ዙር፣ የከበሮውን፣ በዚህ አልበም አድርጉት። ከበሮ መቺው ፒት ሳንዶቫል ነው። "ብላስት ቢት" የሚባለውን ትሰማላችሁ፦ የእግርና የእጅ ከበሮ ቦታ እየተቀያየሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲንደቀደቁ። እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ሞክሩት። በ20 ሰከንድ ይደክማችኋል። እሱ ግን አይደክመውም። አንድ ሚስጥር ልንገራችሁ፦ ከበሮው ሲሮጥ ጊታሩ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ጭንቅላታችሁን በጊታሩ ነቅንቁ። በከበሮው ከነቀነቃችሁ አንገታችሁ ይቀራል።

ለጊታሩ ዙር ወደ ስዊድን ሂዱ። ስቶክሆልም፣ ሰንላይት ስቱዲዮ፣ ቀጂው ቶማስ ስኮግስበርግ። ኢንቱምዶች በ1990 የወጣውን "ሌፍት ሃንድ ፓዝ" እዚያ ቀዱ፤ አንዳንዶቹ ገና ሃያ አልሞላቸውም። ቦስ ኤችኤም-2 የሚባል የጃፓን ፔዳል፣ በእግር የሚረገጥ የጊታር ድምፅ ማሻከሪያ፣ ነበራቸው። አራት ማዞሪያ አለው። አራቱንም እስከ መጨረሻ አዞሯቸው። ሥራ የማያውቅ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው! የወጣው ድምፅ ግን የግንድ መቁረጫ ሞተር የሚመስል፣ እስከ ዛሬ የሚቀዳ ድምፅ ሆነ። ፔዳሉ በ1991 መመረት አቁሞ ነበር፤ ፈላጊው ስለበዛ በ2020 ኩባንያው እንደገና አወጣው።

እንዲህ ያለ ሻካራ ድምፅ ለምን ይወደዳል ካላችሁ፣ በገናን አስቡ። እንዳትቆጡኝ፤ ጸሎትን ከዚህ ጋር አላወዳድርም። የማወራው ስለ እቃው ነው። በበገና ገመድና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ሥራዋ ገመዱ ጥርት ብሎ እንዳይጮህ ማድረግ ነው። እሷን አውጡና ስሙት፤ በገናው ባዶ ይሆናል። ፔዳሉም ለጊታሩ እንደዚያ ነው።

እንግሊዞቹን በአጭሩ። ናፓልም ዴዝ የሚባሉት በ1987 አልበማቸው ላይ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ዘፈን አላቸው። ስሙት፣ ሳቁ፣ እለፉ።

አሁን ሰውየው። ኦቢቹዌሪን ክፈቱ፤ "ስሎውሊ ዊ ሮት"፣ 1989። ጆን ታርዲ ብዙ ቦታ ላይ ቃል የለውም። የተጻፈ ግጥም ሳይሆን ድምፅ ነው የሚያወጣው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው ያልገባኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨንቄያለሁ! ማታ አሞራ ገደል አካባቢ ጉማሬ ከሐይቁ ሲያጓራ ሰምታችሁ ከሆነ፣ "ምን አለ?" ብላችሁ አትጠይቁም። ትልቅነቱንና ርቀቱን ነው የምትሰሙት። ታርዲንም እንደዚያ ስሙት።

ራሳችሁ መሞከር ካማራችሁ ከጉሮሮ አትግፉ። ትንፋሹ ከሆድ ነው የሚመጣው፣ ድምፁም ከምታስቡት በታች ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያጎላው ማይኩ ነው። እኔ በ15 ዓመቴ በሙሉ ኃይሌ ጮህኩና ሦስት ቀን ድምፄ ጠፋ። እናቴ ዝንጅብል በማር አፍልታ ሰጠችኝ፤ ምን እንዳደረግሁ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ግጥሙን ካነበባችሁ ደግሞ ተዘጋጁ። አብዛኛው ሬሳና ደም ነው፤ ከአስፈሪ ፊልም የተቀዳ የልጅ ጨዋታ። አንዳንዱ ግን፣ ዲሳይድን የመሰለው፣ ክርስትናን በቀጥታ የሚሳደብ ነው። እኔ እሱን አልሰማም። በስንት ጌጡ! ለሚከብደው ሰው የዴዝን "ሂዩማን" (1991) እሰጣለሁ። ቸክ ያኔ ሬሳውን ትቶ ስለ ሰው ጠባይ መጻፍ ጀምሮ ነበር። አጨዋወቱም ጃዝ ለሚወድ ጆሮ ይሆናል። በ2001 በአንጎል ዕጢ ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር።

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻን ያየ ሰው አንገቷ የተቀላውን የፈረንሳይ ንግሥት በመስኮት አይቷል። በዚያ ሕንጻ ላይ ተንጠልጥለው የተጫወቱት ጎጂራ ናቸው፤ እነዚህን የፍሎሪዳ ባንዶች እየሰሙ ያደጉ ፈረንሳዮች። እኔ ያን ማታ ሰው በሞላበት ካፌ ነበርኩ። ሁሉም "ምንድን ነው ይሄ?" ሲል እኔ ብቻዬን ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር። በአህጉራችንም ቦትስዋና ውስጥ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ቆዳ ለብሰው፣ የካውቦይ ባርኔጣ ደፍተው የሚሰሙት አሉ። ኦቨርትረስት የሚባለውን የዚያ አገር ባንድ ፈልጉት።

ልጁ በሳምንቱ ተመለሰ። ከበሮውን ጨርሶ ጊታሩ ላይ ደርሷል። ደስ ብሎኝ ኦቢቹዌሪን በድምፅ ማጉያ ለቀቅሁለት። አጠገቤ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ረከቦታቸውን ትተው ብቅ አሉ፤ "ኧረ ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ ጸበል ውሰዱት!" አሉ። ባሱን ቀንሼ ነበር እኮ። ድምፁንም ቀነስኩ። ልጁ ኢርፎኑን ሰካ፣ እኔም ሁለት ቡና አዘዝኩ።