ሽፈራውን ለፍየል እርጥብ መኖ ማልማት

ለመኖ የሚለማ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ እንዲሆን አይተውም፤ ተጠጋግቶ ተዘርቶ፣ በየስድስት ሳምንቱ እየተቆረጠ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ መሬቱን ስድስት መደብ አድርገው ይክፈሉት። በሳምንት አንድ መደብ፣ በየቀኑ የመደቡን ሰባተኛ እጅ እየቆረጡ ሲዞሩ፣ መጀመሪያ የተቆረጠው በ42ኛው ቀን ዳግም ይደርሳል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከዘሩ ግን አብረው ስለሚደርሱ የመጨረሻዎቹ ግንዳቸው እንጨት ይሆናል። አንዱን ከሌላው በሳምንት አራርቀው ይዝሩ።

ውሃ የሚያቁር ቦታ አይሆንም። ድርቅ የሚችለው ሽፈራው ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ዘሩ ዓመት ያላለፈው ይሁን፤ ሲያረጅ የመብቀል አቅሙ ይወርዳል። ለ24 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ በመስመሮች መካከል 30፣ በዘሮች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ትተው 2 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ አድርገው ይዝሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር 22 ዘር ገደማ ይበቃል። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አረም ካሸነፈው በኋላ አያገግምም።

ቁመቱ 1.5 ሜትር ሲሞላ፣ ማለትም በሦስት ወር ገደማ፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ትተው በተሳለ መሣሪያ አግድመው ሳይሆን አዘንብለው ይቁረጡ። ደነዝ ማጭድ ግንዱን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁም በሽታ ይገባል። በየቆረጣው የበሰበሰ ፍግ ይጨምሩ፤ ይህን ያህል ቅጠል የሚወጣበት መሬት ቶሎ ይደክማል። በደረቅ ወቅት እድገቱ ስለሚዘገይ ቀኑን ሳይሆን ቁመቱን ይከተሉ።

ፍየሎቹን መደቡ ውስጥ ፈጽሞ አይልቀቁ፤ ልጣጩን ልጠው ተክሉን ያደርቁታል።

25 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን 1 ኪሎ ያህል እርጥብ ሽፈራው ይበቃታል፤ ይህም የቀን መኖዋ ሩብ ገደማ ነው። በ200 ግራም ጀምረው በ10 ቀን ውስጥ ያድርሱት፤ በድንገት ከበዛ ያስቀምጣታል። አስቀድመው ድርቆሽ ያብሏት። ቅጠሉን ከነለጋ ቅርንጫፉ አስረው ከፍ አድርገው ይስቀሉ፤ መሬት የወደቀውን ፍየል ትረግጠዋለች እንጂ አትበላውም። የተቆረጠውን አይከምሩ፣ ይግላል፣ ይሻግታል። የምትታለብ ከሆነች ከታለበች በኋላ ይስጧት፣ አለበለዚያ ወተቱ የቅጠል ሽታ ሊይዝ ይችላል።