የባሕርን ደስታ የሚነሡ የደጋ ልማዶች

ጅቡቲ ከባሕሩ ዳር 6 ዓመት ኖሬ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሻለሁ። ከጣርማበር፣ ከደብረ ሲናና ከአንኮበር ለሥራ ወደዚያ የሚወርዱ ወጣቶች ምክር ይጠይቁኛል። ሄደው ሲመለሱ ግን የሚያወሩት ስለ ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ባሕሩን የሚያሳጣቸው ከቤት ይዘውት የሚሄዱት ልማድ ነው።

የመጀመሪያው መስኮት መዝጋት ነው። እኛ ብርድ ይመታናል ብለን ቀዳዳ በጨርቅ እየደፈንን ያደግን ሰዎች ነን። እዚያ ግን ነፋስ ሀብት ነው። ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው ከባሕሩ በኩል ይገባል። ሌሊት ደግሞ የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ አቅጣጫ ይለውጣል። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ በሁለት ወገን መስኮት ያለውን ምረጡ። ከሰዓት በኋላ የጨው ሽታ ያዘለው ነፋስ መጋረጃውን እያነሣ ቡና የጠጣሁባቸው ቀናት ዛሬም ይናፍቁኛል።

ሁለተኛው ፀሐይ መሞቅ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ረፋዱን ግድግዳ ተደግፎ መሞቅ ደግ ነው፤ እዚያ ግን ይጎዳል። ባሕሩ የሚያምረው ንጋት 12 ሰዓት ገደማና ከአመሻሹ 11 ሰዓት በኋላ ነው።

ቤተሰብ ለማስጎብኘት የትምህርት ቤት ዕረፍትን መጠበቅም ስህተት ነው። የእኛ ክረምት የእነርሱ ሐሩር ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውሰዷቸው። ያን ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነጠብጣብ ያለበት ግዙፍ ሻርክ ይታያል፤ የሚበላው ከውኃው የሚያጣራቸውን ጥቃቅን ነፍሳት ስለሆነ ሰው አይነካም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ባሕርን እንደ ጀማ ወንዝ መቁጠር ነው። ወንዝ ሄዶ አይመለስም፤ ባሕር ግን ይሞላል፣ ይጎድላል። የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ይበረታል። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ስለሆነ ታልፉታላችሁ፤ ከዚያ ወደ የብስ ተመለሱ።

ባቄላ ጥዶ እንደ አገር ቤት ገበያ ደርሶ መምጣትም አያዋጣም። ከባሕር በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በባሕሩ ዳር በ100 ዲግሪ ነው። ድስቱ ቶሎ ይበስላል።

የመጨረሻው ባሕሩን የሰው አገር ነው ብሎ በክፍል ውስጥ ተሰብስቦ መዋል ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚነሣው የግመል ቅፍለት አንኮበር ድረስ ይወጣ ነበር፤ ባሕሩና ሸዋ አዲስ ትውውቅ የላቸውም። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሲመሽ ቤተሰቦች ምንጣፍ ይዘው ወደ አሸዋው ይወጣሉ። ሻይ በፔርሙዝ ይዛችሁ ውረዱ፤ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጧችኋል።