አያቴን በታብሌት ስስል የገባኝ

መጀመሪያ ካንቫሱን (የምትስሉበትን ገፅ) 3000 በ4000 ፒክስል አርጉት፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ወደ 25 በ34 ሳንቲሜትር ይወጣል። የመሳያ አፕ ከሌላችሁ ክሪታ የሚባለው ነፃ ነው። ነጩ ላይ አትጀምሩ፣ ለስለስ ያለ ቡናማ ቀቡት፣ ብዙ የዘይት ቀለም ሰዓሊዎችም ሸራውን እንደዛ ነው የሚያዘጋጁት፣ ነጭ ላይ የፊት ቀለም ካለው በላይ ጠቁሮ ነው የሚታየው።

ከዛ አይናችሁን ጨፈን አርጋችሁ ፎቶውን እዩትና ብርሃንና ጥላውን ብቻ በትልቅ ብሩሽ ጣሉ፣ ሽፋሽፍት ምናምን ይቆይ። እኔ ጥላውን በጥቁር ሞልቼው የአያቴ ፊት አመድ መሰለ 😅 ጠይም ፊት ላይ ጥላው ወደ ቀይ ቡናማ ነው የሚሄደው፣ ከመስኮት የሚመጣ የቀን ብርሃን ደሞ ግንባሯ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ይላል፣ የነጠላዋ ነጭ እንኳን አገጯ ስር ያንፀባርቃል፣ እሷን ነፀብራቅ እዩልኝ!

በየ10 ደቂቃው ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጡት፣ የተንጋደደ አይን ወዲያው ይጋለጣል፣ በሸራ የሚሰሩት በመስታወት ነው የሚያዩት። ዘይት ቀለም እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፣ ታብሌት ላይ ግን አዲስ ሌየር (የታችኛውን ሳይነካ ከላዩ የሚሳልበት ንጣፍ) መክፈት ነው። ግን ያቺ የሳላችሁትን የምታጠፋ የመመለሻ ቁልፍ (undo) ታሰንፋለች፣ አንድ አፍንጫ ላይ ማታውን ሙሉ ስመላለስ አድሬያለሁ፣ ውሃ ቀለም ቢሆን አስቤ ነበር የማሳርፈው።