በኔትወርክ ኮርስ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከድሬዳዋ ቤተ ሙከራ

ድሬዳዋ ውስጥ የኮምፒውተር ኔትወርክ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ተማሪው ይቀያየራል፤ ስህተቱ ግን አይቀየርም። ሰሞኑን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ጥፋት አራት ጊዜ ስላየሁ፣ ክፍል ውስጥ እየጮኽኩ ከመድገም ጽፎ መገላገል ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። በእኛ ከተማ «ላብ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ማራገቢያው የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ እናንተን ግን መብራት ኖረም አልኖረም ያልባችኋል።

ከትንሹ ልጀምር። በመጀመሪያው ቀን የማድለውን የኮርስ መግለጫ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ማንበብ አይደለም። በአሥረኛው ሳምንት «ቲቸር፣ ላብ ከስንት ነው የሚያዘው?» የሚለኝ ተማሪ ፎቶውን አንድም ቀን እንዳልከፈተው እዚያው ይነግረኛል። ለመጨረሻ ጊዜ፦ ቤተ ሙከራ 30፣ አጫጭር ፈተናዎች 20፣ የቡድን ሥራ 10፣ ማጠቃለያ ፈተና 40። የተግባር ፈተናውን ብቻውን ተቀምጦ ያላለፈ ደግሞ የቀረው ነጥብ ቢደመር ቢባዛ አያወጣውም። ይህ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ በደማቅ ፊደል ተጽፏል፤ በየዓመቱ ግን «አልሰማንም» ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስለምናገር ታገሡኝ። የፓኬት ትሬሰር (ኔትወርክን በኮምፒውተር ላይ እየሣሉ የሚለማመዱበት ፕሮግራም) ፋይል ከጓደኛ ተቀብሎ፣ የመሣሪያዎቹን ስም ቀይሮ፣ የራስ አስመስሎ ማስረከብ። ባለፈው ጊዜ አንድ ክፍል ፋይሎቹን አስረከበኝ። አንዱ ራውተሩን (ኔትወርክን ከኔትወርክ የሚያገናኘውን መሣሪያ) በሰፈራችን ስም «ከዚራ» ብሎታል፣ ሌላው «ሳቢያን»፣ ሦስተኛዋ «መጋላ»። አንዱ ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ ዘርግቶታል፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች። ደክማችኋል፣ አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ፕሮግራም አንድ መሣሪያ ገጹ ላይ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ለመሣሪያው የራሱን የማክ አድራሻ ይሰጠዋል፤ 48 ቢት ያለው፣ በቁጥርና በፊደል የሚጻፍ ረጅም መለያ ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ከባዶ ገጽ ቢነሡ ያ መለያ አይገጥምም። የአሥራ አንድ ተማሪዎች ራውተር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንድ ዓይነት ማክ አድራሻ ሲኖረው፣ አሥራ አንድ ልጆች ከአንድ እናት በአንድ ሰዓት ተወለዱ ብላችሁ ልታሳምኑኝ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ማክ አድራሻ ምን እንደሆነ ያስተማርኳችሁ በሁለተኛው ሳምንት መሆኑ ነው።

ደንቤ ሰጪውንም ተቀባዩንም እኩል ዜሮ ይሰጣል። ሰጪው ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ «አቦ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ሠርቼ ነው የሰጠሁት» ይላል። የድሬ ልጅ ያለውን አይሰስትም፤ ይህን ጠባይ እወደዋለሁ፣ እኔም ያደግሁት በእሱ ነው። ስለዚህ መስመሩን ግልጽ ላድርገው። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ተከራከሩ፣ ስክሪኑን በጣታችሁ እያሳያችሁ «እዚህ ጋ ማስኩን ተሳስተሃል» ተባባሉ። የጓደኛችሁን ኪቦርድ ግን አትንኩ፤ ፋይሉንም በቴሌግራም አትላኩ።

ይህን ያህል ምን ያናድድሃል የሚለኝ ካለ፣ የተመረቀ አንድ ልጅ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። «ቲቸር፣ የኮንሶል ገመዱ የሚሰካው የቱ ላይ ነው?» አለኝ፤ መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተን የምናዝበት ገመድ ማለት ነው። ከ30ው የቤተ ሙከራ ነጥብ 27 ያመጣ ልጅ ነው። ነገርኩት። ቀጥዬ «ፍጥነቱን 9600 አድርገው» ስለው «የት ላይ?» አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ 27ቱን የሰጠሁት እኔ ነኛ። የተግባር ፈተናውን ለብቻ ማለፍን ግዴታ ያደረግሁት ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው።

ሪፖርትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ ማምጣት የዚሁ ጥፋት ታናሽ ወንድም ነው። ባለፈው የቀረበልኝ ሪፖርት ላይ ያለው ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሣጥን) 48 ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ፣ አለው፤ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ያሉት ሁሉ 24 ናቸው። ሌላ አልጨምርም።

ሰብኔት ማስላትን፣ ማለትም አንድን ኔትወርክ ወደ ትናንሽ ሰፈሮች መከፋፈልን፣ ለድረ ገጽ መተው ሌላው ነው። ፈተና ላይ ስልክም ካልኩሌተርም አይገባም። 192.168.10.0/26 ሲባል፣ /26 ማስኩ ነው፤ ከአድራሻው 32 ቢት 26ቱ የሰፈሩ ናቸው፣ የቀሩት 6 የቤቱ። ሁለትን ስድስት ጊዜ እርስ በርሱ ብታባዙት 64 ይመጣል። ስለዚህ ሰፈሮቹ 0፣ 64፣ 128 እና 192 ላይ ይጀምራሉ፤ በእያንዳንዱ ሰፈር የመጀመሪያውና የመጨረሻው አድራሻ ለማንም ስለማይሰጥ 62 ይቀራል። በቃ፣ ይህ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ለኮምፒውተር 192.168.10.64ን የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ የሰፈሩን ታፔላ ነቅሎ ቤቱ በር ላይ እንደ መስቀል ነው። በእጃችሁ እንድታሰሉ የምወተውተው ለማሠቃየት አይደለም። መጨረሻው 70 የሆነ ኮምፒውተር መውጫ በሩ መጨረሻው 1 ነው ተብሎ ሲጻፍ፣ በዚያ ማስክ ሁለቱ በአንድ ሰፈር እንደማይኖሩ ዓይናችሁ ወዲያው እንዲይዘው ፈልጌ ነው። ሥራ ቦታ ላይ ስህተቱ ተሰልቶ አይመጣላችሁም፤ ከመቶ መስመር መካከል ተደብቆ ነው የሚቀመጠው።

ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍል መቅረት። ሙቀቱን አውቀዋለሁ። በርጫውንም አውቀዋለሁ፤ ሰባኪ አይደለሁም። ነገር ግን «ትናንት ምርቃና ላይ ሰብኔት ሁሉ ገባኝ» የሚለኝ ተማሪ በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ሲወጣ፣ የገባው ሁሉ ከምርቃናው ጋር አብሮ ሄዷል። ሦስት የቤተ ሙከራ ቀን የቀረ ለተግባር ፈተናው አይቀመጥም፤ ከ15 ደቂቃ በላይ ያረፈደም እንደቀረ ይቆጠራል። «ባጃጅ ጠፋ» ምክንያት አይሆንም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያገዳችሁ ቀን ግን ደውሉልኝ፤ በ1998 ክረምት ጎርፉ ያደረገውን የሚያስታውስ ሰው በደቻቱ አይቀልድም።

ስለ ገመድ ደግሞ እንነጋገር። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስትገዙ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ከመዳቡ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ የተለበጠ አልሙኒየም ነውና ተዉት። ካልሆነ ፒኑ (በገመዱ ጫፍ ያለው የብረት ጥርስ) ሥር ተሰብሮ ያስለቅሳችኋል። የአንድ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማታውቁት በውስጡ ያሉትን የስምንቱን ሽቦዎች የቀለም ተራ ምክንያት ነው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ አረንጓዴው ለምን ከነጭ አረንጓዴው ተለይቶ ይቀመጣል ይልና ለዓይን እንዲያምር አጠገቡ ያደርገዋል። ሁለቱንም ጫፍ እንደዚያው ስለሚያስር የገመድ መሞከሪያው ላይ ስምንቱም መብራት በተራ ይበራል። ከዚያ «ቲቸር፣ ሠርቷል!»

አልሠራም። 3ኛውና 6ኛው ፒን አብረው የሚሠሩ ጥንድ ናቸው፤ ሁለቱን የሚይዙት ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው መጠማዘዙ ነው። እናንተ ቀለም ስታሳምሩ ጥንዶቹን አፋታችኋቸው። ርካሹ መሞከሪያ የሚጠይቀው ሽቦው ጫፍ ለጫፍ መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አይጠይቅም። ገመዱ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ሜትር ይሠራል፣ ግድግዳ ውስጥ በስልሳ ሜትር ይንቀራፈፋል፤ ጥፋቱም በስዊቹ ይላከካል።

ጥፋትን በሌላው ማላከክ ካነሣን አይቀር፣ የቡድን ሥራ ላይ ሁለት ተማሪዎች ሁለት ራውተር ይዘው በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚጠቋቆሙበት ፕሮቶኮል) ለማገናኘት ሲታገሉ በየወሰነ ትምህርቱ አያለሁ። እያንዳንዳቸው «የእኔ ትክክል ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው ሰላምታ የሚልከው በየ10 ሴኮንዱ ነው፣ ሌላኛው ነካክቶት በየ30 ሴኮንዱ፤ ስለዚህ ጎረቤት መሆን አይችሉም። እዚሁ ከተማችን ለገሃሬ ባቡር ጣቢያ ሄዳችሁ የድሮውን ሐዲድ ለኩት፤ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የቱም ሐዲድ ጥፋት የለበትም፤ የአንዱ ባቡር ግን በሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ መምህር ከመጥራታችሁ በፊት ተነሥታችሁ የጓደኛችሁን ስክሪን አንብቡ።

ኮንፊገሬሽኑን (መሣሪያው ላይ የጻፋችሁትን ትእዛዝ) አለማስቀመጥ፦ በድሬዳዋ መብራት ይህን መምከር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር።

የራስን የዋይፋይ ራውተር ከቤት አምጥቶ የኮሌጁ መስመር ላይ መሰካት ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን ግማሹ ሕንፃ ኢንተርኔት አጣ፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በ192.168.1 የሚጀምር የማናውቀው አድራሻ ይዘዋል። ለሁለት ሰዓት ያህል ክፍል ለክፍል ስንዞር ቆይተን፣ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ላይ ራውተሩን ሰክቶ ለማንም ለጠየቀ አድራሻ ሲያድል አገኘነው። ልጁ ስልኩ እንዲፈጥንለት ብቻ ነበር የፈለገው። የአንድን ገመድ ሁለት ጫፍ አንድ ስዊች ላይ መሰካትም እንደዚሁ ነው፤ ዑደትን የሚከላከለው ፕሮቶኮል ካልበራ መልእክቱ እየዞረ እየተባዛ መስመሩን ያፍነዋል። እነዚህን እንደ ስህተት አይቼ አልፋለሁ። ሳይፈቀድለት የሌላ ሰው መሣሪያ ውስጥ የሚገባውን ወይም በዋይርሻርክ (በመስመሩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) የጓደኞቹን መልእክት የሚጠልፈውን ግን አላልፈውም፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አያልፈውም። የምንፈትሸው ከራሳችን ጠረጴዛ የማይወጣውን መስመር ብቻ ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ «አይሰራም» ብላችሁ አትጻፉልኝ። ምን ሞከራችሁ፣ ምን ጠበቃችሁ፣ ምን አያችሁ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። ሦስቱን ስትጽፉ ግማሾቻችሁ መልሱን ራሳችሁ አግኝታችሁ መልእክቱን ትሰርዙታላችሁ። «እየጻፈ ነው» ሲል ቆይቶ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው የራሴ ነው። ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ስሙን ለማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሳቢያን ቁጭ ብዬ፣ ከዚራ ያለውን ስዊች ከሩቅ ከፍቼ፣ በትረንክ መስመሩ (ብዙ ቪላኖች አብረው የሚያልፉበት መስመር) ላይ ቪላን 30ን መጨመር ፈለግሁ፤ ቪላን በአንድ ስዊች ላይ ለብቻው የተከለለ ኔትወርክ ነው። «ስዊችፖርት ትረንክ አላውድ ቪላን 30» ብዬ ጻፍሁና ተጫንሁ። «አድ» የምትለዋን ቃል ረስቻለሁ። እሷ ከሌለች ስዊቹ ጨምር ሳይሆን «ከ30 በቀር ማንም አይለፍ» የተባለ ነው የሚመስለው። የሒሳብ ክፍሉ ጠፋ፣ ስልኮቹ ጠፉ፣ እኔ የገባሁበት መንገድም ጠፋ። ባጃጅ ተኮናትሬ እየበረርሁ ከዚራ ደረስሁ፤ ደርሼም የኮንሶል ገመዱን ቤት መርሳቴን አወቅሁ። ተመልሼ ሄድሁ። ያ ቀን ከቀኑ ሁሉ የሞቀው ነበር።

አሁን ከሩቅ ስሠራ መጀመሪያ መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ አዝዘዋለሁ። ከተቆለፈብኝ ያልተቀመጠውን ጥሎ የቀድሞውን ይዞ ይነሣል፤ ካልተቆለፈብኝ ትእዛዙን እሰርዛለሁ፣ ከዚያ አስቀምጣለሁ። ይህን ስናገር አንዷ ተማሪ «አስቀምጡ ትለናለህ፣ ደግሞ አታስቀምጡ ትለናለህ» አለችኝ። በድሬ አንቱታ የለም፤ ክርክሩ ግን ትክክል ነው። መልሱ ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ያለውን እዩ፣ ቀይሩ፣ ፈትሹ፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጡ።

የተግባር ፈተናው ያስፈራችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቤተ ሙከራው ክፍት ነው። የኮንሶል ገመድ ያለን አራት ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ ኑ።